«ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች ሲነሱ ጣት የሚቀሰረው ሁሌም ወደ አመልካቹ ነው። እንግሊዝኛው ደካማ ነው፤ ቀኑ አልፎበታል፤ ሲቪው አያምርም። እኔ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚፈርሙልን ሰዎች ልጻፍ።

ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በግ ነው ብል ይቀላል። የመንዝን በግ ያላየ ሰው ቢያንስ ከጠጉሩ የሚሠራውን ዝተት ለብሶ ያውቅ ይሆናል። እዚህ አንድ የቆየ ችግር አለ። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ወይ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይወጣል። ቤት የሚቀረው ቀጫጫው ነው፤ እናት በጎቹን የሚያስረግዘውም እሱ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ በጉ በአካል ያንሳል። ስለዚህ ገበሬዎቹ በቡድን ሆነው ምርጡን አውራ እንዲያስቀሩና በተራ እንዲጠቀሙበት እናግባባለን። ለዚህ መመዘን ያስፈልጋል። ሚዛኑ ከዛፍ ይንጠለጠላል፤ ግልገሉ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ይገባና ጭንቅላቱ ብቻ ብቅ ይላል። አንዴ በስድስት ወሩ 16 ኪሎ የመዘነ ጠቦት አግኝቼ ባለቤቱን «ጋሼ፣ ይሄን እንኳ አይሽጡት» ብዬ ለመንኩ። «ታዲያ አንቺ ለልጆቼ ደብተር ትገዥልኛለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይህንኑ በደንብ ለመማር በመስከረም 2017 ለጀርመኑ የትምህርት ዕድል ሰጪ ድርጅት ለዳድ (DAAD) አመለከትኩ። ዳድ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በሚሰጠው ዕድል ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ ደግሞ ከ6 ዓመት ባይበልጥ ይመረጣል። ከዩኒቨርሲቲም ከአሠሪም የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የአሠሪው ደብዳቤ የመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ሆኖ ፊርማና ማኅተም ይኑረው ይላሉ። ማኅተም ሲሉ ደስ አለኝ። በማኅተም ማን ይበልጠናል?

ያስተማረኝ መምህር ጋ ደወልኩ። ጥሩ ሰው ነው፣ አስታወሰኝ። «ረቂቁን አንቺ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እፈርማለሁ» አለኝ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። «ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ብዬ እጽፋለሁ፣ አፍሬ አጠፋለሁ። መጨረሻ ላይ የማንም ሊሆን የሚችል፣ ጨው የሌለው ነገር ላክሁለት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳይነካ ፈርሞ መለሰው።

የመሥሪያ ቤቱ ደግሞ በፖስታ ታሽጎ ነው የተሰጠኝ። ታሽጓልና አልከፈትኩትም። ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ስካን ላስደርግ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ብርዱ እንዳለ ነው፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ቆሜ ስጠብቅ ስካን የሚያደርገው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ አየኝ። «እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ነው? ሚስተር ይላል እኮ።»

እውነቱን ነው። ከሌላ ሠራተኛ ደብዳቤ ላይ ስሙንና የተመረቀበትን ዓመት ብቻ በእኔ ቀይረው አትመውታል። ከላይ እስከ ታች ወንድ ነኝ። ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ታዛዥ ወንድ። ስለ በግ አንድ ቃል የለም። ይባስ ብሎ «በ2011 ተመርቆ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። 2011 የእኛ ነው፤ በእነሱ 2019 ነው። የእኛን አቆጣጠር የማያውቅ አንባቢ ከተመረቅኩ 13 ዓመት ሊሞላኝ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ኃላፊዬ ጋ ደወልኩ፣ መስክ ወጥተዋል፣ ስልካቸው አይሠራም። ስለ ዘመን አቆጣጠሩ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽፌ አያያዝኩና ላክሁት። ከወራት በኋላ «አልተመረጡም» የሚል መልስ መጣ። ምክንያት አይጽፉም። ደብዳቤው ነው ያስጣለኝ ብዬ አልምልም፤ ከእኔ የተሻሉ ብዙ ይኖራሉ። ግን እኔን ያወዳደሩት ከማን ጋር ነው? ከዚያ «ሚስተር» ጋር?

ስድስቱ ዓመት ባለፈው ሐምሌ ሞላኝ። አሁን ዓይኔ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ የነፃ ትምህርት ዕድል ላይ ነው። እነሱ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይላሉ። በቀን 8 ሰዓት ቢታሰብ 350 የሥራ ቀን ነው፤ ይህን ካለፍኩት ቆየሁ። ምስክሮች ግን እዚያም ሁለት ያስፈልጋሉ።

ለመምህራንና ለኃላፊዎች የምለው ይህ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ «አልችልም» በሉን፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በአማርኛ ጻፉልን፣ አስተርጉመን ከዋናው ጋር እንልካለን። ሁለት መስመርም ትሁን፣ ስታዩን ያያችሁት ትሁን።

በቀደም ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ ያንን ደብዳቤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሳቁ፣ ቀጥሎ ግን ዝም አሉ። «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ነጭ ወረቀት አወጡ። «ያ ጆንያ ውስጥ የገባው ጠቦት ስንት ኪሎ ነበር ያልሽኝ?»

የእንስሳት እርባታ ባለሙያ
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ