የተመለጠ ሁሉ ጭርት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የእንስሳት ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ሰሞኑን ስለ ድንክ ፈረሶች ቆዳ ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን አናዶኛል። ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጥ ድንክ ፈረስ ጭርት ይዞታል፣ ጠንከር ያለ የፈንገስ ቅባት ይቀባ፣ አለቀ። ምክሩ ይኸው ነበር። እኔ ይህን ምክር በራሴ ፈረስ ላይ ሞክሬዋለሁ። ቅባቱ አለቀ፣ ነገሩ ግን አላለቀም።

ፈረሴ ዳማ ባዝራ ናት። አንገቷ ሥር ሳንቲም የምታክል መላጣ ወጣባት። አታሳክካትም፣ አታማትም። ቆዳው ሸከር ያለ፣ ግራጫ ነገር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ፈረስ ያሳደገ አንድ ወዳጄ አየና «ጭርት ናት፣ አታካብድ» አለኝ። አላካበድኩም። ሁለት ወር ሙሉ ያገኘሁትን ስቀባ፣ ቅርፊት ሲሠራ ስፍቅ፣ እንደገና ስቀባ ከረምኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም አየቻት። ጭርት አልነበረም። ሳርኮይድ የሚባል የቆዳ ዕጢ ነው። ከከብቶች ኪንታሮት ቫይረስ ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈረስም፣ አህያም፣ በቅሎም ይይዛል። ወደ ውስጥ አካል አይሠራጭም። አንዱ ዓይነቱ ሲጀምር ግን ልክ እንደ ጭርት ክብ መላጣ ሆኖ ነው። ችግሩ ሲነካኩት ነው። ሲፍቁትና በሚያቃጥል ነገር ሲለበልቡት ይነሣበታል። ዝም ቢባል ለዓመታት ባለበት ሊቆይ ይችል የነበረውን ነገር በገዛ እጄ ቀሰቀስኩት። አሁን እንቁላል የሚያክል እብጠት ሆኖ ሕክምና ላይ ነን።

ጭርት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ በተለይ ወጣት ፈረሶችን ይወዳል። ኮርቻና ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታና ፊት ላይ ይበዛል፤ ፀጉሩም ከነቅርፊቱ ይነቀላል። ከተነካካ በኋላ ለመታየት ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ አንዱ ላይ ስታዩት ሌላው ፈረስ ይዞት ይሆናል፣ ገና አልታየም እንጂ። ጤነኛ ፈረስ ላይ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ወር ራሱ ይጠፋል። ግን የፈንገሱ ዘር በእንጨት፣ በብሩሽና በኮርቻ ላይ ከዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ጽሑፋችሁ ስለ ብሩሹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፈረሱን እየቀቡ በዚያው ብሩሽ ጎረቤቱን ፈረስ መቦረሽ ምን ይባላል? ሰውም እንደሚይዝ አልጻፋችሁም። ድንክ ፈረስ ላይ የሚወጡት በአብዛኛው ልጆች ናቸው። ፈረሱን አቅፈው፣ ጉንጫቸውን አንገቱ ላይ ለጥፈው ነው የሚውሉት። ጓንትና ሳሙና መጥቀስ ስንት መስመር ይፈጃል?

እኔ አሁን የተመለጠ ፈረስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ቦታ ነው፣ ያሳክከዋል ወይ ብዬ ነው። ጀርባው ላይ ከሆነ፣ ፀጉሩም እንደ ቀለም ብሩሽ ተጣብቆ ከቅርፊት ጋር የሚነሣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከዝናብና ከእርጥበት ጋር የሚመጣ ባክቴሪያ ነው። የፈንገስ ቅባት ምንም አያደርግለትም። ደረቅ ቦታ ነው የሚፈልገው። ፀጉሩ በጎፈረበት በብርድ ወራት የሚያሳክከው ደግሞ ጋማውን ገለጥ አድርጎ ቅማልና ቅጫም መፈለግ ነው። የፈረስ ቅማል ሰው ላይ አይኖርም፣ አትሸበሩ። ቅጫሙ ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት ስለሚተርፍ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። እግሩን እየደበደበ ቁርጭምጭሚቱን የሚነክስ ከሆነም እከክ አምጪ ተባይ ሊሆን ይችላል።

ጋማውንና የጭራውን ሥር አጥር ላይ እያሸ የሚመልጠው ግን ለብቻው ወሬ ይገባዋል፤ ድንክ ፈረሶችን አብዝቶ የሚያጠቃ ነውና። ዓይን የማይሞሉ ተናካሽ ትንኞች አሉ፣ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። ፈረሱን የሚያሳብደው ንክሻው ሳይሆን ምራቃቸው ነው፣ አለርጂ ይሆንበታል። አንዴ ከጀመረው በየዓመቱ በትንኝ ወራት ይመለሳል። መዳኛ የለውም፣ መከላከል እንጂ። ትንኞቹ የሚበዙት ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ በእነዚያ ሰዓታት ጋጣ ውስጥ ማቆየት፣ ወንፊቱ ጠበብ ያለ ልብስ ማልበስ፣ ረግረግና የቆመ ውሃ ካለበት ማራቅ። ጋጣው ውስጥ ቬንትሌተር ማድረግም ይረዳል። ትንኞቹ ደካማ በራሪዎች ናቸው፣ ትንሽ ነፋስ አይችሉም።

ጋማው ደህና ሆኖ ጭራው ብቻ ከተመለጠ ደግሞ የቆዳ በሽታ ላይሆን ይችላል። ፊንጢጣው ዙሪያ እንቁላሏን የምትጥል የአንጀት ትል አለች፣ እሷ ታሳክከዋለች። እዚያ ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ማንሣትና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጭርት ነው ብሎ የጠረጠረም ከመቀባቱ በፊት ከመላጣው ዳር ጥቂት ፀጉርና ቅርፊት አስነቅሎ ያስመርምር። ከቀቡት በኋላ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል፤ እኔ ግን ሳላስመረምር ነው የቀባሁት።

ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ያ ፎቶ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፈረስ ጋማው ሙሉ ነው፣ የተመለጠው የጭራው ሥር ብቻ ነው። ባለቤቱን የምታውቁት ከሆነ ቅባቱን ለጊዜው ያስቀምጥና መጀመሪያ የትል ምርመራ ያስደርግለት በሉልኝ።

የአንዲት ዳማ ድንክ ባለቤት