ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፊያት

እህትዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ብቅ ስል ቅር ቢልሽ እውነት አለሽ።

ትናንት ማታ የሀገር ልብስ ድረ ገጽሽን አገኘሁት። ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ስለ ጥለት አሠራር የጻፍሽውን ሁለቴ ነው የደገምኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን “ማስታወቂያዎቹን ክሊክ እያደረጋችሁ አበረታቱኝ” ይላል። ክው አልኩ። ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

የእኔ የእንጀራ ገጽ ትዝ ይልሻል? ያኔ እኔም እንዲሁ ብዬ ለምኜሽ ነበር። አንቺም በካርድ በገዛሽው ዳታ፣ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ትገቢልኝ ነበር። “ዛሬም ሁሉንም ነክቻለሁ” የሚል መልእክትሽ አልጋ ላይ እንዳለሁ ይደርሰኛል። በአራተኛው ወር ማስታወቂያውን የሚያመጣልኝ ድርጅት አካውንቴን ዘጋው። ክሊኩ የእውነት አይደለም አሉኝ። ተጠራቅሞ ከነበረው 87 ዶላር አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደንቡን ሳላነብ የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ግን ይህን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? “ለካ ያበላሸሁት እኔ ነኝ” ብለሽ ስታዝኚ ታየኝ። ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ረዘመ፤ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ይቅር በዪኝ።

ስለዚህ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ ግቢና ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፊያት። ማስታወቂያ የሚያመጡልን ድርጅቶች፣ ጉግል አድሴንስም ሆነ ሌሎቹ፣ የራስን ማስታወቂያ መንካትን ብቻ ሳይሆን ሰውን “ንኩልኝ” ማለትንም ይከለክላሉ። ደግሞስ ምን ያደርግልሻል? አድሴንስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዋናነት የሚከፍለው ማስታወቂያው በመታየቱ ነው፤ እንደ ድሮው በክሊክ አይደለም። ሰው ገብቶ ሲያነብ፣ ቆይቶም ሌላውን ጽሑፍ ሲከፍት ነው ገንዘቡ የሚመጣው።

ይህን ካልኩሽ ዘንድ አንድ ልጨምር። ገጽሽን በስልኬ ስከፍተው፣ ያ የሚያምረው የጥለት ፎቶ ገና ሳይታየኝ ማስታወቂያ ዘሎ ሸፈነው። መዝጊያዋ የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። ሦስቴ ስቼ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አይመለስም ነበር። የጉግል ድረ ገጽ መክፈቻ ክሮም እንኳ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ድንገት የሚዘሉ፣ በራሳቸው ድምፅ የሚያሰሙ፣ በስልክ ላይ ከገጹ 30 በመቶ በላይ የሚይዙ ማስታወቂያዎችን ባበዙ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያውን ሁሉ ይከለክላል። እኔ እንደገና በሌላ ድርጅት በኩል ስጀምር ከ11 ማስታወቂያ ሦስት ብቻ አስቀረሁ። ገቢዬ ይወርዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ገጹ ቶሎ ስለሚከፈት ሰው መቆየት ጀመረ፣ ገቢውም ጨመረ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን አንድ ጽሑፍ ነው። “እንጀራዬ ለምን ዓይን አላወጣም?” የማይለኝ ሰው የለም። አንድ ቅዳሜ ሦስት ዓይነት እንጀራ ጋገርኩ። አንዱ አብሲት ያልተጣለበት፣ አንዱ ምጣዱ በደንብ ያልጋለ፣ አንዱ የተስተካከለ። ጎን ለጎን ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁና የእያንዳንዱን ምክንያት ጻፍኩ። ያ ገጽ ዛሬ ከቀሩት ጽሑፎቼ ሁሉ የበለጠ ያስገኝልኛል። አሜሪካ ያለ ሰው ጉግል ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ለአሜሪካ አንባቢ ደግሞ አስተዋዋቂዎች የሚከፍሉት ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ከገና በፊት ባሉት ወራት ይበልጥ ይጨምራል፤ በጃንዋሪ ይወርዳል፣ ያኔ እንዳትደነግጪ።

አንቺም የሰውን ጭንቀት ፈልጊ። ባለፈው ጥምቀት የለበስኩትን ቀሚስ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ቀዩ ጥለት በነጩ ላይ ሲለቅ ቆሜ አየሁ። እጄን እያደረቅኩ በስልኬ ፈለግኩ፤ የረባ መልስ አላገኘሁም። ያንን ማን ከአንቺ የተሻለ ይጽፈዋል?

ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሂጂና ነጋዴዎቹን አነጋግሪ። ውጭ ያለ ሰው ለዘመን መለወጫና ለጥምቀት ቀሚስ የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው፤ ተሰፍቶ በጊዜ እንዲደርስለት። በወር ይህን ያህል ብለሽ ገጽሽ ላይ አንድ የማስታወቂያ ቦታ አከራዪያቸው። እኔ ለአንድ የጤፍ ዱቄት ሱቅ እንዲህ አድርጌ፣ የሱቁ የአንድ ወር ክፍያ፣ ድርጅቱ የሚያመጣልኝ ማስታወቂያ በሦስት ወር ከሚያስገባልኝ በለጠ። የተከፈለበት መሆኑን ግን በግልጽ ጻፊው፤ አንባቢሽ አንቺን ነው የሚያምነው።

የለቀቀውን ቀሚሴን ፎቶ አያይዤልሻለሁ። እስካሁን አልጣልኩትም። መላ ካለው ጻፊውና የመጀመሪያዋ አንባቢ እኔ ልሁን። ማስታወቂያውን ግን አልነካልሽም።

እማማን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ