ባጃጅ ከተሽከርካሪው በፊት የሰው ስም ነበር

ስለ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ህንዳዊው ነጋዴ ጃምናላል ባጃጅ የጋንዲ ባለጸጋ ወዳጅ ተብለው በአንድ ሐረግ ታልፈዋል። በየከተማችን ስማቸው ሲጠራ ለሚውል ሰው ይህ ያንሳል። (ተሽከርካሪውን እንኳ እሳቸው አላዩትም፤ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1942 ሲሆን ወደዚያ ሥራ የገቡት ወራሾቻቸው ናቸው።)

ባጃጅ ለህንድ የነጻነት ትግል ገንዘብ ሰጥተው ዳር የቆሙ ነጋዴ አልነበሩም። ከእንግሊዝ መንግሥት የተሰጣቸውን «ራይ ባሃዱር» የተሰኘ ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1921 መልሰዋል፤ በ1923 ደግሞ የነጻነት ታጋዮች ሰንደቃቸውን ይዘው በናግፑር ከተማ ባካሄዱት የሰንደቅ ዓላማ ንቅናቄ ታስረዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግን የ1928ቱ ውሳኔያቸው ነው፤ በዋርዳ ከተማ የሚገኘውን የቤተሰባቸውን ቤተ መቅደስ በሂንዱ የዘር ተዋረድ «አይነኬ» ተብለው ለተገለሉ ሰዎች ከፈቱ። እስሩ ያጣላቸው ከባዕድ ገዥ ጋር ነው፤ ይኸኛው ከገዛ ዘመድና ከካህን ጋር የሚያጣላ ነበር።

ይህ ሲባል ጥያቄ አይነሣባቸውም ማለት አይደለም። የስኳር ፋብሪካ ያላቸው ሰው ለነጻነት የታገለው የኮንግረስ ፓርቲ ገንዘብ ያዥ ሆነው ለዓመታት ሲቀመጡ፣ ፓርቲው በሠራተኛና በአሠሪ ጉዳይ የያዘው አቋም መመርመር አለበት። ጽሑፋችሁ ምስጋናውንም ጥያቄውንም ዘሏል።

በሚቀጥለው እትም የሕይወት ታሪካቸውን በሙሉ ገጽ እንድታወጡ፣ የቤተ መቅደሱንና የገንዘብ ያዥነቱን ጉዳይም ጎን ለጎን እንድታቀርቡ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ