ግቢ መግባት ከትኬት አያድንም

ውድ አዘጋጅ፣

እዚህ ቨርጂኒያ ሾፌሮች ቡና ላይ ስንገናኝ የማትጠፋ ወሬ አለች፤ «ግቢህ ከገባህ ፖሊስ አይነካህም» የምትል። እኔም አምኜባት ነበር። አንድ ማታ ፖሊስ ከኋላዬ መብራት ሲያበራ ሳልቆም ቤቴ ድረስ ነዳሁ። ትኬቴን በሬ ላይ ተቀበልኩ፤ ጎረቤት እያየ!

መንገድ ላይ የተጀመረ ጉዳይ ግቢ ስለተገባ አይሰረዝም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰክሮ በገዛ ግቢው መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ በተገኘ ሰው ላይ የተሰጠውን የጥፋተኝነት ፍርድ አጽንቷል። እኔን ይህ በጣም ነው የገረመኝ።

መብት የለንም ማለት ግን አይደለም። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ ፖሊስ መኪና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽ የሚችልበት ደንብ ሰው መኖሪያ ግቢ ለመግባት አይሠራም ብሏል። ጉዳዩ የተነሳው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሸራ ለብሶ በቆመ ሞተር ሳይክል ነው። በ2021 ደግሞ በቀላል ጥፋት የተጠረጠረ ሾፌር ጋራዡ ስለገባ ብቻ ፖሊስ ሁልጊዜ ተከትሎት መግባት አይችልም ተባለ።

የአፓርትማ የጋራ ፓርኪንግስ? ከግል ግቢ እኩል ጥበቃ የለውም፤ አብዛኞቻችን የምናቆመው ደግሞ እዚያ ነው። አንድ ጠበቃ ይህን በአምዳችሁ በአማርኛ ቢያብራራልን?

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ