ገጽ 31ን እይልኝ

ሰላም ኢንጂነሩ፣

ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ከርሜ ጉዳይ ሲገጥመኝ ብቅ ማለቴ ደስ አይልም፤ አውቃለሁ። እማማ ያረፉ ጊዜም ስልክ እንኳ አልደወልኩም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። ይቅር በለኝ። ይሄን በድምፅ ነው የምነግርህ፣ በደብዳቤ አይሆንልኝም።

ቤት ልንገዛ ነው። ሰሜን ለንደን፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የጡብ ቤት። ሚስቴ ገና በሩን ስታልፍ ወደደችው። ልጆቹ ክፍል ተከፋፍለው ጨርሰዋል። በዋጋ ተስማማን፣ ባንኩም ገማች ልኮ እሺ አለ። እኔ በቃ ቤቱ ተመረመረ ብዬ ነበር። ለካ የባንኩ ሰው የሚያየው ቤቱ ለብድሩ ዋስትና ይበቃል ወይ የሚለውን ነው። ይሄን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የራሳችንን ሰርቬየር፣ ቤት የሚመረምር ባለሙያ፣ ቀጠርን። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ደረጃ 3 የሚባለውን፣ ጠለቅ ያለውን ምርመራ አዘዝን።

ሪፖርቱ 60 ገጽ ነው። ከጣሪያ እስከ ፍሳሽ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው፤ 1 አረንጓዴ፣ 2 ቢጫ፣ 3 ቀይ። ቀዩን ቆጠርኩ፣ ሰባት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ለሰርቬየሩ ደወልኩ። «ቤቱ ያንተ ቢሆን መጀመሪያ ምኑን ትነካለህ?» አልኩት። ወረቀቱ ላይ ካለው ይልቅ በስልክ ብዙ ነገረኝ። አራቱ ቀይ የሆኑት መብራቱ፣ ጋዙ፣ ቦይለሩ (የውኃ ማሞቂያው) እና ፍሳሹ በየባለሙያቸው ስላልታዩ ነው። ተበላሽተዋል ማለት አይደለም። አምስተኛው እርጥበት ነው። የጓሮው ኮንክሪት ከግድግዳው እርጥበት መከላከያ በላይ ተሞልቷል። ግድግዳው ውስጥ ኬሚካል እንርጭ የሚሉ ይመጣሉ፣ አንተ መጀመሪያ ኮንክሪቱን አስነሳ አለኝ።

አንተን ያስታወሱኝ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ገጽ 31ን እይልኝ። ሳሎኑ እንዲሰፋ ተብሎ የጭስ ማውጫው ግንብ ከታች ፈርሷል። ፎቁና ጣሪያው ላይ ያለው ግን እንዳለ ቆሟል። ያን ሁሉ ጡብ ምን እንደተሸከመው አይታይም። ብረት ገብቶለት እንደሆነ ኮርኒሱ ሳይከፈት አይታወቅም። ልጄ የመረጠችው ክፍል ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

ሌላው ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ የሚነሳ ስንጥቅ ነው። 4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። የዚህ አገር ሸክላ አፈር ከምታውቀው መረሬ ጋር አንድ ጠባይ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውኃ ሲጠግብ ያብጣል። አጠገቡ ደግሞ የአፈሩን ውኃ የሚመጥ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ። ከውስጥ በኩል ያ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። እማማ «በመስከረም ቀለም የተቀባ ቤት እንዳትከራዩ» ሲሉን ትዝ ይልሃል?

ኤጀንቱ ሌላ ገዢ አለ እያለ በየቀኑ ይደውላል። እዚህ ውል እስክንለዋወጥ ማንም አይታሰርም። ከተለዋወጥን በኋላ ብንተወው ግን ዲፖዚቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋጋው 10 በመቶ የሚሆነው ቅድሚያ ክፍያ፣ ተበልቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠበቃችን ሁለት ነገር እንዲጠይቅ አድርጌያለሁ። ግንቡ ሲፈርስ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ያጸደቀበት ወረቀት አለ ወይ? ቤቱ መሬት ሰምጦበት ኢንሹራንስ ካሳ ተጠይቆ ያውቃል ወይ? ሐሙስ የስትራክቸር መሐንዲስ ይመጣል። የሱ ጽሑፍና የጥገናው ዋጋ እጄ ሳይገባ ስለ ቅናሽ አፌን አልከፍትም። ሚስቴ አትፍራ ትለኛለች። እኔ ፈርቻለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ጥሪታችን ነው።

መሐንዲሱን ምን ምን ብዬ ልጠይቀው? አንተ አንድ ኮለን ሲሞላ እንኳ ሠራተኛውን ቁም ስቅሉን የምታሳይ ሰው ነህ፤ አሁን እሱን ንዝንዝህን ነው የምፈልገው። ሪፖርቱንና ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።

እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሱ ከብዶኛል። ግን ከሐሙስ በፊት ልደውልልህ? ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? መጀመሪያ ስለ እማማ እናውራ።