«ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ» ብላችሁ አትለፉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳኝ አንድ አባባል ነው። የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ «ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ እግረኞችን ገጨ» ትላላችሁ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው የሚለው። ለሚያነበው ሰው መኪናው በገዛ ፈቃዱ ከግቢ ወጥቶ፣ ፍሬኑን በጥሶ፣ ሰው ገጭቶ የገባ ይመስላል። ሰው የሚባል ነገር የለበትም።

እኔ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። የምበላው ከፍሬን ነው። ስለዚህ ልንገራችሁ፤ ፍሬን እንደ ክር ዝም ብሎ አይበጠስም። የሲኖ ፍሬን የሚሠራው በንፋስ ነው። ንፋሱ ካለቀ የኋላ ጎማዎቹ በስፕሪንግ ራሳቸው ይያዛሉ። ሲሠራም ታስቦ ነው። መኪናው ይቆማል እንጂ አይሮጥም።

ታዲያ ለምን አይቆምም? ሸራው፣ ማለትም ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት) ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ልባስ፣ አልቆ ብረት ከብረት ስለሚፋጭ። ወይም ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባው ዜሮ ማርሽ አስገብቶ በፍሬን ብቻ ሲይዘው ታምቡሩ ስለሚግል፤ የጋለ ታምቡር ላይ አዲስ ሸራም አይይዝም። ወይም ደግሞ ንፋስ የሚያፈሰውን ቦታ ማሠራት ትቶ፣ የኋላውን የስፕሪንግ መያዣ በብሎን አስሮ አስለቅቆ «ለዛሬ ያድርሰኝ» የሚል ስላለ። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ። ሾፌሩ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጎማውን ፈትተን ሸራውን እናሳየዋለን። ከዚያ ባለንብረቱ ጋ ይደወላል። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «አሁን ሥራ አታስፈቱኝ፤ ለጊዜው አጠባብቃችሁ ልቀቁት።» እናጠብቃለን። መኪናው ይወጣል። ማታ እኔም ሳይክሌን ይዤ በዚያው መንገድ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በቂሊንጦ በኩል ነው የምመላለሰው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋትና ማታ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ቅጠል የተሸከመችው እናት፣ ጋሪው፣ ባጃጁ ሁሉም በአንድ አስፋልት ጠርዝ ላይ ነው። «እግረኛ ግራውን ይዞ ይጓዝ» ይባላል። ብዙ ቦታ ግራው ቦይ ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሉ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ መቶ እየነዳ የመጣ ሰው ከክፍያ ጣቢያው ሲወጣ እግሩ ገና አልቀዘቀዘም። ሰማንያ ለእሱ መንፏቀቅ ነው። ሰማንያ ማለት ግን በሰከንድ 22 ሜትር ነው። ልጅ ሲሻገር አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ብቻ ሃያ ምናምን ሜትር ሄዷል።

ሲኖው 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ሲጭን የአሸዋው ክብደት ብቻ ወደ 25 ቶን ይጠጋል። ብዙው ሾፌር ደግሞ ደመወዙ ለስም ነው፤ ኪሱ የሚገባው በቢያጆ፣ በምልልሱ ቁጥር ነው። ቀን ከተማ መግባት በሰዓት ስለተገደበ ሌሊቱን ይሮጣል። ቢያጆ የጨመረ ያገኛል፣ የተኛ ይቀርበታል። ሕዝቡ ሲኖውን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን «አልቃይዳ» ያለው በከንቱ አይደለም። ስም ማውጣት ላይስ ጎበዞች ነን። ሾፌሮቹም ቢሆኑ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ለፊት ካለ መብራት አብርተው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ለሚሻገር ልጅ ግን መብራት ሲሰጡ አይቼ አላውቅም።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ሲኖ ባጃጅ ደርቦ ሲመለስ በጎኑ ነካኝ። ቦይ ውስጥ ገባሁ። የሳይክሌ የኋላ ቸርኬ ስምንት ቁጥር ሆነ፣ የእኔ ግራ ክንድ ተሰበረ። ሾፌሩ ሊሄድ ነበር። ለሥራ የወጡ ሰዎች ፊቱ ቆመው አስቀሩት። ሲወርድ ሳየው ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ከማታ ጀምሮ አራተኛ ቢያጆው መሆኑን ራሱ ነው የነገረኝ። ጣቢያ ስንደርስ ቃሌን የተቀበለኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «አንተ በሳይክል አስፋልት ላይ ምን ትሠራለህ?» የሚል ነበር። ሌላ መንገድ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው እምቢ የማይባሉ የሰፈሬ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እሱም የእናት ልጅ ነው። ሆን ብሎ አላደረገው። አንተንም ፈጣሪ አትርፎሃል» አሉኝ። ልጁ እግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ለሕክምና ብሎ የሰጠኝን ብር ተቀበልኩ። ተበድሮ ነው ያመጣው። ፈረምኩ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

ባለንብረቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ስሙን ያየሁት ሊብሬው ላይ ነው። አልመጣም፣ አልደወለም፣ አምስት ሳንቲም አላወጣም። ልጁን ይቅር ማለቴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያ ሰውዬ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አብሮ መታረቁ ነው።

ሕጉን የጠየቅኩት ክንዴ ጄሶ ውስጥ እያለ ነው፤ ከፈረምኩ በኋላ መሆኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እሱ ነው። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያወጣውም፤ ጥፋቱ የተጎጂው ራሱ ካልሆነ በቀር። ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው። ጣቢያም፣ ሽምግልናውም ላይ ስሙን ያነሳው አልነበረም።

በወንጀል በኩልም አለ። ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይናገራል። ይህ ለሾፌሩ ነው። ሸራው ማለቁ በስልክ ተነግሮት «ልቀቁት» ያለውስ? እሱን ማን ይጠይቀዋል? ስለ መድኑም ካነሳን የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ሲወጣ ለሰው ሞት ከፍተኛው ካሳ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ግን እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። አጥሩ የፈረሰበት ልጁ ከሞተበት የበለጠ ማግኘት ይችል ነበር ማለት ነው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ማታ ያለ መብራት የሚነዳ ሳይክለኛ ሞልቷል። እኔም ከመገጨቴ በፊት ከኋላዬ አንድ የምታበራ ነገር አልነበረኝም። ግን የእኔ ጥፋት የሚገድለው እኔን ነው።

መሃል ከተማ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ሳይክል ለሥራ የሚነዳው ሰው ግን ብዙው የሚኖረው እዚህ ዳር ላይ ነው።

እናንተን የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ «ፍሬን በጠሰ» የሚለውን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ። ሸራው መቼ ተቀየረ? ሾፌሩ ከተኛ ስንት ሰዓቱ ነው? ባለንብረቱስ ምን ይላል? መልስ እምቢ ካለም «ባለንብረቱ መልስ አልሰጠንም» ብላችሁ ጻፉ። ሊብሬው ላይ ያለው ሰው ለአንድ ቀን እንኳ ከዜናው ውስጥ ይግባ።

ትናንትም አንድ ሲኖ መጥቶልን ነበር። ሸራው ጥፍር አክሏል። ባለንብረቱ ስልክ ላይ ያንኑ ቃል ደገመው። በዚህ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አልነካውም» አልኩ። አለቃዬ ተቆጣኝ፣ ሾፌሩም ዝም ብሎ አየኝ። ጎረቤት ያለው ጋራዥ አጠባበቀለትና 11 ሰዓት ላይ በቂሊንጦ በኩል ወጣ። እኔ ከጋራዥ የወጣሁት እስከ 12 ተኩል ቆይቼ ነው።

አንባቢያችሁ፣
ከኮዬ ፈጬ