መርዷቸው ያልተነገረ የጉና ላይ ወታደሮች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች ከሚከታተሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ጸሐፊዎቹ የትኛው ተራራ መቼ እንደ ተያዘና የትኛው ጦር በየት በኩል ዞሮ እንደ ገባ በሚገባ ያስረዳሉ። ነገር ግን «ገዥ መሬት» የሚለው ቃል በየአንቀጹ ሲመላለስ ባየሁ ቁጥር፣ እዚያ መሬት ላይ ወድቆ የቀረውን ሰው የሚያነሣ ባለማግኘቴ ስለማዝን ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

በደርግ ዘመን የነበረው የቀድሞው ሠራዊት አባል ነኝ፤ የገባሁትም በብሔራዊ ውትድርና ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ወጣት ለ30 ወራት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ ሠላሳው ወር ሲሞላ ግን ከእኔ ክፍል የተሰናበተ ሰው አላየሁም። የካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የነበረው ጦር በሕወሓት ታጋዮች ተሸንፎ ሠራዊቱ ትግራይን ለቅቆ ሲወጣ፣ ጦርነቱ ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ ተሻገረ። እኛም በ1982 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በላይ ጉና ላይ ወጣን።

ጉና ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በግርጌው ደግሞ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ያልፋል። ተራራውን የያዘ ወገን ያንን መንገድ ይቆጣጠራል፤ የተላለቅነውም ስለዚሁ ነው። ሆኖም ጣናን ከሚመግብ ተራራ አናት ላይ ተቀምጠን የምንጠጣው አጣን፤ ምክንያቱም ምንጩ የሚፈልቀው ከጫፉ ሳይሆን ከወገቡ በታች ነው። ምሽጋችን ከላይ ነበር፤ የታጋዮቹም ምሽግ ከማዶ ሸንተረር ላይ ነበር፤ ውኃው ያለው ከሁለታችን መካከል፣ በሸለቆው ውስጥ ነበር። ካርታ ላይ ገዥ መሬት የሚባለው እንዲህ ያለ ቦታ እንደ ሆነ የሚጽፍ ሰው አላጋጠመኝም።

ብርዱን መግለጽ ያስቸግረኛል። ማታ በጉም የራሰው ካፖርት ሌሊት ውርጭ ሲመታው እንደ ሳንቃ ይደርቅ ነበር፤ እሳት ለማንደድ ከአስታ ቁጥቋጦ በቀር እንጨት አልነበረም፣ ጢስ ከታየም ሞርታር ይከተላል። ቆላ ተወልደው ያደጉ ልጆች ያለ ምንም ቁስል እግራቸው ጠቁሮ ሲነሡ አይቻለሁ። የተኩስ ድምፅ ከገደል ገደል እየተላተመ ስለሚመለስ ከየት እንደሚተኮስብን መለየት አንችልም ነበር፤ ወደ ቁልቁለት የሚተኩስ አዲስ ወታደር ደግሞ ጥይቱ ሁልጊዜ ከሰው ራስ በላይ ያልፍበታል። አንድ ቁስለኛ በቃሬዛ ከአናቱ እስከ መኪና መንገዱ ለማውረድ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ሌሊቱን ሙሉ ይወስድ ስለ ነበር፣ ቁስሉ የማይገድለውን ሰው መንገዱ ይገድለው ነበር።

ውኃ የሚቀዳው በጨለማ ነው። አንድ ሌሊት ስድስት ሆነን ጀሪካን ይዘን ወረድን፤ ከእኔ ጎን የነበረው ከደሴ ዙሪያ የመጣ፣ በሥልጠና ጊዜ ኮቾሮ የተካፈልን ወዳጄ ነበር። ምንጩ አጠገብ ስንደርስ ተኩስ ተከፈተ፤ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲበርድ ጓደኛዬ ሞቶ አገኘሁት። ከእርሱ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሽዳ የተጫማ አንድ ታጋይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ እጁ ላይ እንደ እኛው የውኃ ጀሪካን እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። እኛ እነርሱን «ወንበዴ» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ የዚያን ሌሊት ግን ያን ቃል ያነሣ አልነበረም።

ጓደኛዬ ሙስሊም ስለ ነበር ፊቱን ወደ ቂብላ ማዞር ይገባን ነበር። ነገር ግን ጉሙ ጎሕ ሲቀድ እንኳ ምሥራቁን አላሳይ ስላለን አቅጣጫውን ማወቅ ተሳነን፤ በግምት አዞርነው፣ ያ ግምት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ መቆፈሪያም አልያዝንም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝተን፣ ከአንድ ትልቅ ጅብራ ሥር ድንጋይ ከመርንባቸው።

የካቲት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ቴዎድሮስ የተባለው የኢሕአዴግ ጥቃት ሲጀመር ተማረክሁ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እኔም ወደ ተወለድሁበት አዘዞ ተመለስሁ። የጓደኛዬን ቤተሰብ ለማግኘት ደሴ ድረስ ሄጃለሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤትም ጠይቄ ፋይሉ የለም ተብያለሁ። የመንደሩን ስም አንድ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ አለመያዜ የራሴ ጥፋት ነው። እናቱ መርዶ አልሰሙም። መርዶ ያልሰማች እናት ሐዘን አትቀመጥም፣ ለቅሶ አይደረስላትም፤ ክርስቲያን ብትሆን ተዝካር አታወጣም፣ ሙስሊም ብትሆን ሰደቃ አታወጣም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሣለች። እንደ እርሳቸው ያሉ እናቶች በሁለቱም ወገን እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ብዙዎቹም እየጠበቁ አርፈዋል።

የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። በጉና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ሲያርሱ አጥንት ያገኛሉ፤ እኔ በሄድሁበት ቀበሌ እየለቀሙ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያኖሩ አባት አግኝቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የድንጋይ ክምሮቹ የት የት እንዳሉ የምናውቅ ሰዎች ግን አርጅተናል። የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ከእኛ ጋር ወጥተው ቦታውንና የምናስታውሰውን ስም፣ ማን ለማን ተዋጋ ሳይሉ በአንድ መዝገብ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ልጁን የሚፈልግ ቤተሰብ የሚጠይቅበት ቦታ ያገኛል። ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም በበቅሎ እወጣለሁ፤ የሦስት ክምሮችን ቦታ አሳያለሁ።

በ1982 ዓ.ም. ጉና ላይ ተሰልፎ፣ ሌሊት ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ያልተመለሰ ጓደኛ የነበረው ታጋይ ይህን ካነበበ፣ የልጁን ስም በዚሁ ጋዜጣ በኩል እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ የቆየ ጠባሳ ያለበት ልጅ ነበር፤ የተኛበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞው ሠራዊት አባል፣ ከጎንደር